ውኃ በፈረቃ፣ ጤናም በፈረቃ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቧንቧው መጀመሪያ ያስለዋል። አየር ይተፋል፣ ያጉረመርማል፣ ጥቂት ቡናማ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጠርቶ የሚወርደው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ድምፅ ከማንቂያ ደወል ይበልጣል። «ውኃ መጣ!» ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ ይነሣል፤ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሳፋ፣ አንዳንዴም ድስት ሳይቀር ተራ ይይዛል። ዛሬ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በሪያድ ወይም በቴል አቪቭ የምትኖሩ አንባብያን ድምፁን ከሰማችሁ ዓመታት ቢያልፉም እንዳልረሳችሁት አምናለሁ።

እኔም አልረሳሁትም። ስለዚህ ትምህርቴን ጨርሼ በውጭ አገር የመጀመሪያ ደመወዜን ማጠራቀም ስጀምር፣ ለእናቴ የላክሁት ትልቁ ስጦታ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶና የውኃ መሳቢያ ፓምፕ መግዣ ነበር። ፓምፑ ከመንገድ በሚመጣው መስመር ላይ በቀጥታ ተገጠመ። እናቴ በስልክ መረቀችኝ፤ እኔም የልጅነት ግዴታዬን እንደተወጣ ሰው ረክቼ ተቀመጥሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለእረፍት ስሄድ ግን ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ባለው ግቢ የሚኖሩት ጎረቤታችን፣ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ልጄ፣ የእናንተ ሞተር ሲነሣ የእኛ ቧንቧ ይሞታል» አሉኝ። በቀልድ መልክ ነበር የተናገሩት። በዚያው ሰሞን የልጅ ልጃቸው በታይፎይድ ታሞ ተኝቶ ነበር።

የልጁ ሕመም ከየት እንደመጣ ማንም አልመረመረም፤ ፓምፑ ነው ያመጣው ብዬም ልናገር አልችልም። ነገር ግን እኔ ግፊት ያጣ ቧንቧ ምን እንደሚያደርግ በክፍል ውስጥ የተማርሁ፣ ስሌቱንም ሠርቼ ፈተና ያለፍሁ ሰው ነኝ። ያን የተማርሁትን ለእናቴ ቤት ፓምፕ ስገዛ አለማስታወሴ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ከዚያ የራቀ አይደለም። በከተሞቻችን የመጠጥ ውኃ አቅርቦት ሲለካ «ስንት ቤት ቧንቧ ገባለት?» ብሎ ማቆም ሥሩን መሳት ነው። መስመሩ በቀን ስንት ሰዓት ይሞላል? ግፊቱ ሳይቋረጥ ይቆያል? ውኃው ቤት ሲደርስ ክሎሪን ተርፎታል? በሽታን የሚከላከለው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። የቧንቧው መኖር ብቻውን አይበቃም።

ባዶ ቧንቧ ባዶ አይደለም

ከመሬት በታች የተቀበረ የውኃ መስመር በየትም አገር ፍጹም ሆኖ አያውቅም። መገጣጠሚያው ይላላል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ የመንገድ ቁፋሮ ይሰነጥቀዋል። መስመሩ በውኃ ተሞልቶ በግፊት ላይ እስካለ ድረስ የስንጥቁ ጉዳት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ውኃ ወደ ውጭ ይባክናል። ግፊቱ ሲጠፋ ግን ያው ስንጥቅ መግቢያ በር ይሆናል። በዙሪያው ያለው እርጥብ አፈር የያዘውን ሁሉ ይዞ ወደ ቧንቧው ይሰርጋል። በአዲስ አበባ አብዛኛው ቤት ፍሳሹን የሚያከማቸው በግቢው በተቆፈረ ጉድጓድ ወይም በሴፕቲክ ታንክ ነው፤ ከማዕከላዊ የፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘው የከተማው ክፍል ጥቂት ነው። ስለዚህ ቧንቧውን የከበበው አፈር ምን እንደያዘ መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ጉዳት ውኃው ሲመለስ የሚከተለው ነው። በቧንቧው ግድግዳ ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ተጣብቀው ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ከሥሩም ደለል ይተኛል። ለቀናት ደርቆ የቆየ መስመር በድንገት ሲሞላ ያ ሽፋንና ደለል ተገፍቶ ይመጣል። መጀመሪያ የሚወርደው ቡናማ ውኃ ይህ ነው።

ሦስተኛው ጉዳት በቤት ውስጥ ይደርሳል። ውኃ በሦስትና በአራት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ ሰው ማጠራቀም ግድ ይለዋል። የተጠራቀመ ውኃ ክሎሪኑ ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ክዳን የሌለው ባልዲ አቧራ ይቀበላል፤ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ውስጥ ኩባያና እጅ ይገባል። ከግድቡ ወጥቶ በማጣሪያ ጣቢያ በወጉ የታከመ ውኃ፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች ሲጓዝ ሊበከል ይችላል።

አራተኛው የእኔ ፓምፕ ነው። ከመንገዱ መስመር በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ በአካባቢው ያለውን ግፊት ያወርደዋል፤ አንዳንዴም ከከባቢ አየር ግፊት በታች ያደርገዋል። ያን ጊዜ መስመሩ በየስንጥቁ በኩል የአፈሩን እርጥበት መምጠጥ ይጀምራል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው ጎረቤት መጀመሪያ ይደርቅበታል። እርሱም በተራው ፓምፕ ይገዛል። እንዲህ እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ያበጀው መፍትሔ የሰፈሩን ሁሉ ችግር ያባብሰዋል።

አንድ ጎዳና፣ ሁለት ዕጣ

ንጹሕ ውኃ ከተማን ከበሽታ እንደሚያድን ከሚያስረዱ ታሪካዊ ማስረጃዎች ሁሉ ለእኔ ጠንካራው እ.ኤ.አ. በ1892 በጀርመን የታየው ነው። በዚያ ዓመት የሐምቡርግን ከተማ ኮሌራ መታት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ8,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሐምቡርግ ጋር የተያያዘችው የአልቶና ከተማ ግን ከዕልቂቱ በአብዛኛው ተረፈች። ሁለቱም ውኃቸውን የሚቀዱት ከኤልበ ወንዝ ነበር፤ እንዲያውም አልቶና የምትቀዳው ከሐምቡርግ ዝቅ ብሎ፣ የከተማዋ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በኋላ ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው፤ አልቶና ውኃዋን በአሸዋ ታጣራለች፣ ሐምቡርግ አታጣራም። የኮሌራን ተሕዋስ በመለየት የሚታወቀው ሮበርት ኮኽ ሁኔታውን ሲመረምር፣ በሁለቱ ከተሞች ድንበር ላይ በሽታው የውኃውን መስመር ተከትሎ እንደቆመ አስተዋለ። ሕዝቡ አንድ፣ አየሩ አንድ፣ ጎዳናው አንድ ሆኖ ሳለ ሕይወትና ሞትን የለየው ቧንቧው ነበር።

ሐምቡርግ ስለ ማጣሪያ ለዓመታት ስትወያይ ቆይታ ነበር። ወጪው ብዙ ነው፣ ጊዜው አይደለም ይባል ነበር። ከወረርሽኙ በኋላ ግን በሚቀጥለው ዓመት ማጣሪያው ሥራ ጀመረ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ብሂላችንን እዚህ ላይ አለማስታወስ አይቻልም።

ለእኛም ታሪኩ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ክረምት አዲስ አበባን ጭምር የመታውን ወረርሽኝ ብዙዎቻችን በስልክ እየተከታተልን ተጨንቀንበታል። በይፋ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ በሕዝቡ አፍ ደግሞ «አተት» ተባለ። ወረርሽኝ ሲነሣ ዜና ይሆናል፤ ዘመቻም ይከተላል። በየዓመቱ ያለ ዜና የሚመላለሱት ታይፎይድ፣ አሜባና ጃርዲያ ግን የዘወትር ዕጣ ተደርገው ተቆጥረዋል። ከውጭ ለእረፍት የሚሄድ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሆዱን ሲያመው እንስቅበታለን። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛን ለሁለት ቀን የሚያስተኛን ተቅማጥ የአንድ ዓመት ሕፃንን ይገድላል። በዓለም ላይ ተቅማጥ ዛሬም በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሕይወት ይቀጥፋል።

የተሳሳተው መለኪያ

የተባበሩት መንግሥታት የሚሌኒየም የልማት ግቦች «የተሻሻለ የውኃ ምንጭ» የሚል መለኪያ ነበራቸው። ግቢ ውስጥ ቧንቧ ካለ ወይም በአቅራቢያ ቦኖ ካለ ቤቱ ተቆጠረ ማለት ነው። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ይምጣ ወይም ሁልጊዜ፣ ውኃው ይመርመር ወይም አይመርመር፣ መለኪያው አይጠይቅም ነበር። በዚህ አቆጣጠር ዓለም የውኃ ግቧን እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳካች ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ መጠጥ ውኃ ሰብአዊ መብት መሆኑን አወጀ።

በኋላ የመጡት የዘላቂ ልማት ግቦች መለኪያውን አጠበቁት። ውኃው በመኖሪያው ግቢ መገኘት፣ በተፈለገ ጊዜ መኖርና ከብክለት ነፃ መሆን አለበት ተባለ። መለኪያው ሲቀየር ሥዕሉም ተቀየረ፤ ይህን የማያገኙ ሰዎች በዓለም ላይ ከ2 ቢሊዮን በላይ ሆነው ተገኙ። ቧንቧ ያላቸው ግን ሊተማመኑበት የማይችሉ ብዙ ከተሜዎች በዚህ ቁጥር ውስጥ ይገባሉ። የእናቴ ቤት በመጀመሪያው መለኪያ «ያለው» ነው፤ በሁለተኛው ግን «የሌለው»።

ክሎሪን ጠባቂ ነው፤ ግድግዳው ግን ግፊት ነው

የተማርሁት በኔዘርላንድስ ነው። መጀመሪያ ያስገረመኝ ነገር በዚያች አገር ለሕዝብ የሚሠራጨው የቧንቧ ውኃ ክሎሪን የማይጨመርበት መሆኑ ነበር። እኛ አገር ክሎሪን የሌለው ውኃ መስደድ ወንጀል ይመስለን ነበርና መምህሬን ጠየቅሁ። የተሰጠኝ መልስ ቀላል ነበር፤ ውኃው ከጣቢያው ሲወጣ ንጹሕ ነው፣ መስመሩ ሌት ተቀን በግፊት የተሞላ ነው፣ ስንጥቁም እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም።

ይህን የምጽፈው እኛም ክሎሪን እንተው ለማለት አይደለም፤ እንዲያ ያለ ምክር ሰው ይገድላል። መስመሩ በሚደርቅበት ከተማ ክሎሪን የመጨረሻው ጠባቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውኃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በአንድ ሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን ተርፎት እንዲገኝ ይመክራል። ይህን ለማወቅ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ በናሙናው ላይ አንዲት እንክብል ሲጨመር ውኃው ሮዝ ቀለም ይይዛል፣ የቀለሙ ድምቀትም መጠኑን ይናገራል። ሆኖም ክሎሪን ሁሉን ቻይ አይደለም። የኮሌራንና የታይፎይድን ተሕዋስያን በቀላሉ ይገድላል፤ የጃርዲያና የአሜባ ጠንካራ ዕንቁላል መሰል ቅርጾች ግን በተለመደው መጠን ይቋቋሙታል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካዋ የሚልዋኪ ከተማ 400,000 ያህል ሰዎችን ሲያሳምም ውኃው ክሎሪን ነበረው፤ የደከመው ማጣሪያው ነበር። ማጣራት፣ ክሎሪንና ግፊት አንዱ ሌላውን አይተኩም።

«ገንዘብ የለም» ለሚለው

የምጠብቀው ተቃውሞ አለ። ኔዘርላንድስን ከአዲስ አበባ ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ስለዚህ ከድሆች ከተሞች ምሳሌ እንውሰድ።

የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን ከጦርነትና ከዕልቂት የወጣች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤክ ሶን ቻን የተባሉት መሐንዲስ የውኃ ድርጅቱን ሲረከቡ ከሚመረተው ውኃ 72 ከመቶው በስንጥቅና በስርቆት ይጠፋ ነበር፤ ውኃ ያለውም ቤት የሚያገኘው በቀን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር። እርሳቸው ቆጣሪ አስገጠሙ፣ ሕገ ወጥ መስመሮችን ቆረጡ፣ ባለሥልጣንና ባለጠጋም እንዲከፍል አደረጉ፣ ስንጥቅ ፈጥኖ የሚጠግን ሠራተኛን ሸለሙ፣ ለድሆች የማስገቢያ ዋጋውን ቀነሱ። በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ብክነቱ ከ10 ከመቶ በታች ወረደ፤ ከተማዋም 24 ሰዓት ውኃ አገኘች። የውጭ ዕርዳታ ነበረ፤ ብዙ ከተሞች ዕርዳታውን አግኝተው ለውጡን ግን አላገኙም።

በደቡባዊ ህንድ የምትገኘው ሁብሊ ዳርዋድ ደግሞ ሌላ መንገድ አሳየች። ከተማዋን በሙሉ በአንድ ጊዜ ከመለወጥ ይልቅ ከሕዝቡ 10 ከመቶ ያህሉ የሚኖርባቸው ጥቂት ሰፈሮች ተመርጠው ያልተቋረጠ አቅርቦት ተሰጣቸው፤ የቀሩት በፈረቃ ቀጠሉ። ተመራማሪዎች ሁለቱን ሲያነጻጽሩ፣ በፈረቃ ከሚደርሰው የቧንቧ ውኃ ከሦስት ናሙናዎች አንዱ ያህሉ የሰገራ ብክለት ምልክት ታየበት፤ ባልተቋረጠው በኩል ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። በጤና ረገድ ውጤቱ ሁሉንም አላዳነም፤ በሕፃናት አጠቃላይ የተቅማጥ መጠን ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ታይፎይድ ግን ቀነሰ፤ በድሆቹ ቤቶች ደግሞ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ቀነሰ። ውኃ ብቻውን ያለ መጸዳጃና ያለ እጅ መታጠብ ተአምር እንደማይሠራ፣ ድሃው ግን ከሁሉ በላይ እንደሚጠቀም ከዚህ እንማራለን።

አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች የምታገኘው ውኃ ለሕዝቧ እንደማይበቃ አውቃለሁ። አዲስ ምንጭ ያስፈልጋል። ነገር ግን አዲስ ውኃን በሚያንጠባጥብ መስመር መስደድ በወንፊት መቅዳት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ከአዲስ ግድብ ጋር እኩል ትኩረት ይሰጣቸው እላለሁ። አንደኛ፣ ከተማው በትንንሽ ክልሎች ተከፍሎ በየክልሉ መግቢያ ቆጣሪ ይቀመጥ፤ ብክነቱ የት እንደሆነ ሳይታወቅ አይጠገንም። ሁለተኛ፣ አንድ ሰፈር ተመርጦ፣ በተለይ ድሆች የሚበዙበት፣ ያልተቋረጠ ግፊት ይሰጠው፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይታለፍ። ሦስተኛ፣ የየሰፈሩ የክሎሪን መጠንና የፈረቃ ሰዓት በየሳምንቱ ለሕዝብ ይገለጽ።

ሦስተኛው ለሀብታም ከተሞችም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ በዋሽንግተን ዲሲ የውኃ ማከሚያው ኬሚካል ሲቀየር ከአሮጌ የእርሳስ ቧንቧዎች እርሳስ ወደ ውኃው መሟሟት ጀመረ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ይህች ከተማ ሕዝብ የችግሩን ስፋት ያወቀው ከዓመታት በኋላ፣ በ2004 መጀመሪያ ጋዜጣ ሲያወጣው ነበር። የውኃ መረጃ ሲደበቅ ሀብት አያድንም።

የምንልከው ገንዘብ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጹ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውኃ ለሁሉም እንዲዳረስ ፖሊሲዎች እንዲያተኩሩ ይላል። ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ በእኛ የዶላርና የሪያል ልገሳ የሚተካ አይደለም። ነገር ግን ገንዘባችን ቢያንስ ጉዳት እንዳያደርስ የማድረግ ኃላፊነት የእኛ ነው።

ለቤተሰብ የውኃ ዕቃ የምትልኩ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ፓምፕ ከመንገድ መስመር ጋር በቀጥታ አይገጠም። መጀመሪያ መሬት ላይ ታንከር ይቀመጥ፤ ውኃው በራሱ ግፊት ገብቶ በተንሳፋፊ መዝጊያ ይቁም፤ መግቢያውም ከውኃው ወለል ከፍ ይበል። ፓምፑ ከዚያ ታንከር ወደ ጣሪያው ሮቶ ይግፋ። ሮቶው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ታጥቦ በክሎሪን ይጽዳ። ውኃ ሲመጣ የመጀመሪያው ድፍርስ ለወለልና ለመጸዳጃ ይዋል። የሚጠጣው እስኪንፈቀፈቅ ይፈላ፤ ወይም «ውኃ አጋር» በሚል ስም እንደሚታወቀው ባለ የክሎሪን ፈሳሽ በመመሪያው መሠረት ይታከምና ግማሽ ሰዓት ይቆይ። አፉ ጠባብ በሆነ፣ ክዳንና ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ከፓምፕ ጋር ሲነጻጸር ይህ ሁሉ ርካሽ ነው።

ባለፈው ጉዞዬ ፓምፑን ከመስመሩ ላይ አስነቀልሁትና እንዳልሁት በታንከር በኩል አስገጠምሁት። ሮቶው ሲከፈት በሥሩ የተኛውን ደለል እናቴ አይታ «ይህን ነበር ስንጠጣ የከረምነው?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ጎረቤታችንን ደግሞ ከሳምንት በኋላ ቧንቧቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «እናንተ ስትቀዱ እንኳ ጥቂት ጥቂት ይመጣል፤ ፈረቃው ግን ያው ነው» አሉኝ። አንድ ቤት ሊያስተካክል የሚችለው እስከዚያ ድረስ ነው። ፈረቃውን የሚያስቀረው የከተማው ሥራ ነው፤ ያንን ደግሞ እያንዳንዳችን በግቢያችን ውስጥ በቀበርነው ታንከር ከመርሳት ይልቅ በጋራ ልንጠይቀው ይገባል።